የተራራው ፎቶግራፍና የባልንጀሮች ዐይን

ከካምፑ መምህራን በአንዱ የቀረበ



በካምፓችን ስልክ የያዘ ሰው ሁሉ ፎቶግራፍ አንሺ ሆኗል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ልጅ ሲወለድ፣ ሠርግ ሲደገስ፣ ራቅ ያለ ዘመድ ሲናፍቅ ስልክ ይወጣል። ምሽት ላይ ባትሪው ከሞላ ደግሞ ያነሳነውን ፎቶ ብርሃኑን ከፍ፣ ቀለሙን ደመቅ እያደረግን እናስተካክላለን። ይህ ሥራ በተለምዶ ኤዲት ማድረግ ይባላል። ኤዲት ማድረግ የሚችል ብዙ ሰው አለ፤ ያስተካከለውን ፎቶ ለሌላ ሰው አሳይቶ፣ አስተያየት ተቀብሎ፣ እንደገና ቁጭ ብሎ የሚያርም ግን ጥቂት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ሁለተኛውን ሥራ ማስረዳት ሲሆን፣ የማስረዳውም ከራሴ ስሕተት ተነሥቼ ነው።

ፎቶው የተነሳበት ቦታና ምክንያቱ

ፎቶው የሊማሊሞ ነው። ከጎንደር ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደባርቅ የደረሰ ሰው፣ ከከተማው እንደወጣ ምድሩ ከእግሩ ሥር ድንገት ይቆረጥበታል። ወደ አዲ አርቃይ የሚወስደው መንገድ ከዚያ ጀምሮ በገደሉ ላይ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። መንገዱ የጣሊያን ወረራ ዘመን ሥራ ነው። ከመንገዱ ሆኖ ሲታይ የሰሜን ተራሮች አንዱ ከአንዱ ኋላ ተደርድረው ይታያሉ። እነዚህ ተራሮች ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ውስጥ የፈሰሰ እሳተ ገሞራ ንብርብር ናቸው፤ ውኃና ጊዜ ሸርሽረዋቸው ነው ዛሬ እንደ ምሰሶና እንደ ግንብ ቆመው የምናያቸው። ከሁሉም የሚበልጠው ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገብቶ ቆይቶ፣ በ2017 ከዚያ መዝገብ ወጥቷል።

እኔ ፎቶውን ያነሳሁት በታኅሣሥ ወር 2011 ዓ.ም.፣ አውቶቡሳችን ጎማ እስኪቀይር ቆመን ሳለ ነው። ያኔ ቁም ነገር ብዬ አላነሳሁትም። ስልኩ ከተበላሸ ቆይቷል፤ ሜሞሪ ካርዱ ግን አብሮኝ ድንበር ተሻግሯል።

ባለፈው የዝናብ ወራት ለአራተኛ ክፍል ልጆች ስለ መሬት አቀማመጥ ሳስተምር፣ ተራራ ሥላችሁ አምጡ አልኳቸው። አንዱ ልጅ የሣለው የማሽላ ክምር ነበር። አልፈረድኩበትም። በእናቱ ጀርባ ታዝሎ የመጣ ነው፤ ዐይኑን ከገለጠ ጀምሮ ያየው የገዳሪፍን ጥቁር ሜዳ ብቻ ነው፤ በዚህ ሜዳ ላይ ከፍ ብሎ የሚታየው ነገርም በመከር ጊዜ የሚከመረው ማሽላ ነው። ስለዚህ የሊማሊሞን ፎቶ አስተካክዬ፣ ገዳሪፍ ከተማ አሳትሜ፣ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ልለጥፈው ወሰንሁ። ነገሩ ቀላል አልነበረም። እነዚያ ልጆች የወላጆቻቸውን አገር ተራራ የሚያውቁት በዚህ ወረቀት ነውና፣ ወረቀቱ ከዋሸ እነሱም የሚይዙት ውሸቱን ነው።

ብቻዬን የሠራሁት ስሕተት

ስልኬ ላይ ስናፕሲድ የሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም አለ። አንድ ጊዜ ከተጫነ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ስለሚሠራ ለእኛ ይመቻል። ሁለት ምሽት ሙሉ በእሱ ሠራሁ። ተራራው ፈዝዞብኝ ስለነበር ጭጋጉን አጠፋሁት። ሰማዩ የገረጣ ስለነበር ሰማያዊውን ጨመርሁ። ሣሩ የደረቀ ስለነበር አረንጓዴ አደረግሁት። የገደሉ ንብርብር ጎልቶ እንዲታይ ማጥሪያውን እስከ መጨረሻው ገፋሁት። በመጨረሻም ከገደሉ ሥር ባለች ጠፍጣፋ ቦታ ላይ የምታብለጨልጭ አንዲት የቆርቆሮ ቤት ነበረች። ዐይን ትስባለች፣ ተፈጥሮውን ታበላሻለች ብዬ በጣቴ ዳብሼ አጠፋኋት። ስጨርስ በጣም ደስ አለኝ።

ሰው የገዛ ሥራውን በትክክል ማየት የሚያቅተው በሦስት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ዐይን ይለምዳል። ደማቅ ቀለም ለረዥም ጊዜ ያየ ዐይን ድምቀቱ ስለማይታወቀው ጨምር ጨምር ይላል። ሁለተኛ፣ ፎቶውን ያነሳው ሰው በወረቀቱ ላይ የሌለውን ነገር ጭምር ያያል። እኔ ያን ፎቶ ሳይ የጠዋቱ ብርድና የናፍጣው ሽታ አብሮ ይመጣብኛል፤ ለሌላ ሰው ግን ያለው ወረቀቱ ብቻ ነው። ሦስተኛ፣ የደከምንበት ነገር ትክክል ይመስለናል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚባለው እንዲህ ላለው ሰው ነው።

የአምስት ሰዎች አስተያየት

አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ራኩባ ሥር ቡና ተፈልቶ ነበር። ፎቶውን ለአምስት ሰዎች አሳየኋቸው፤ ሁሉም ያዩትን እንዲነግሩኝ፣ እኔም እስኪጨርሱ መልስ እንዳልሰጥ ተስማማን።

መጀመሪያ የተናገሩት ቀድሞ ጎንደር ፎቶ ቤት ይሠሩ የነበሩ፣ በፊልም ዘመን ፎቶ ሲያጥቡ የኖሩ ጋሼ ናቸው። መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ስልኩን አቀረቡና፣ «በተራራው ጫፍ ላይ ነጭ ክር ይታየኛል። ይህ ክር ተራራው ላይ የለም፤ አንተ ነህ ያመጣኸው። ደግሞ ቦታው በሙሉ ወደ ግራ ፈሷል» አሉ። ሁለቱም እውነት ነበር። ማጥሪያ የሚሠራው ጥቁርና ነጭ የሚገናኙበትን ጠርዝ ፈልጎ፣ ጥቁሩን ይበልጥ ጥቁር፣ ነጩን ይበልጥ ነጭ በማድረግ ነው። ሲበዛ በሸንተረሩ ዙሪያ ነጭ ክር ይተዋል። ማዘንበሉ ደግሞ በተራራ ፎቶ የተለመደ ችግር ነው። በሜዳ ወይም በባሕር ፎቶ ሰማይና ምድር የሚገናኙበት መስመር ቀጥ ያለ ስለሆነ ማዘንበል ወዲያው ይታወቃል። በተራራ ቦታ ግን ሁሉም ተዳፋት ስለሆነ ዐይን ይሳሳታል። መፍትሔው ቀጥ ብሎ የሚቆም ነገር መፈለግ ነው፤ የቤት ግድግዳ፣ የባሕር ዛፍ ግንድ፣ የመብራት ምሰሶ። እኔም የመንገዱን ዳር ባሕር ዛፍ ይዤ ስለካው ፎቶው በእርግጥ አዘንብሎ ነበር።

ሁለተኛው የዐረብኛ መምህራችን ነው። ገዳሪፍ ተወልዶ ያደገ ሱዳናዊ ሲሆን ደጋ አይቶ አያውቅም። ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና፣ የትኛው ተራራ ቅርብ የትኛው ሩቅ እንደሆነ ሊለይ እንዳልቻለ፣ ሁሉም በመቀስ ተቆርጠው አንድ ወረቀት ላይ የተለጠፉ እንደሚመስሉ ነገረኝ። ይህ አስተያየት ከሁሉ ይልቅ አስተማረኝ፤ ምክንያቱን ቀጥዬ አብራራለሁ።

ሦስተኛዋ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት። «መምህር፣ ይህ ክረምት ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀች። ታኅሣሥ ነው ብዬ ልመልስ ስል ቃሌ ትዝ ብሎኝ ዝም አልሁ። በታኅሣሥ እህሉ ታጭዶ፣ የደጋው ሣር ወርቅ መስሎ ይገኛል። እኔ ግን አረንጓዴ አድርጌዋለሁ። እንግዲህ ልጆቹን ስለ ወቅት በማስተምርበት ክፍል ውስጥ ወቅቱን የሚዋሽ ሥዕል ልሰቅል ኖሯል።

አራተኛው የሥራ ባልደረባዬ የሒሳብ መምህሩ ነው። «ከፊት ያለው መንገድ ጨለመብኝ፤ ብርሃን ጨምርበት» አለ።

አምስተኛዋ ቡናውን ያፈሉልን እናት ናቸው። ከአዲ አርቃይ በኩል የመጡ ናቸው። ስልኩን ተቀብለው ረዥም ጊዜ አዩት። በጣታቸው ከገደሉ ሥር ያለችውን ቦታ እየነኩ፣ «መምህር፣ ቆርቆሮዋ የት ሄደች?» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ። እሳቸውም ቀጠሉ፤ «ወደ ደባርቅ ገበያ በእግራችን ስንወጣ ያቺን ቆርቆሮ ስናይ ግማሽ ደረስን እንል ነበር። ከሷ በታች አንቀመጥም፤ እዚያ ስንደርስ ነው ሸክም የምናወርደው። ፈርሳለች እንዴ?»

አልፈረሰችም፣ እኔ ነኝ ያጠፋኋት ማለት እንዴት እንደከበደኝ ልገልጽላችሁ አልችልም። እናቲቱ ከዚያ አገር የቀራቸው ወሬ ነው፤ እኔ ደግሞ በፎቶ አስመስዬ የቤት መፍረስ ወሬ አመጣሁባቸው። ነገሩን አስረዳኋቸው፤ የመጀመሪያውንም ፎቶ ከፍቼ አሳየኋቸው። ቆርቆሮዋን ሲያዩ «አዎ፣ እሷ ናት» ብለው ስልኩን ለልጅ ልጃቸው ሰጡት።

ሩቅ ተራራ ለምን ይገረጣል?

የዐረብኛ መምህሩን አስተያየት ለመረዳት አየር ምን እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። የፀሐይ ብርሃን ከብዙ ቀለማት የተሠራ ነው። ብርሃኑ በአየር ውስጥ ሲያልፍ ጥቃቅኑ የአየር ቅንጣቶች ይበትኑታል፤ ሰማያዊው ከቀዩ ይልቅ አምስት ስድስት እጥፍ ያህል ይበተናል። ስለዚህ በእኛና በተራራው መካከል ያለው አየር በዛ ማለት፣ በመካከል የተበተነው ሰማያዊ ብርሃን በዛ ማለት ነው። ቅርብ ያለው ተራራ ጥቁርና ጥርት ያለ፣ ቀጥሎ ያለው ገርጣ ያለ፣ የመጨረሻው ደግሞ ሰማይ መስሎ የሚታየው ከዚህ የተነሣ ነው። ጣሊያናዊው ሠዓሊ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ከ500 ዓመት በፊት ይህንን አስተውሎ፣ ሠዓሊዎች ርቀትን በአየሩ ቀለም እንዲያሳዩ ጽፏል።

የገዳሪፍ አቧራ ግን ከዚህ ይለያል። ዝናብ ሳይጀምር ነፋስ የሚያነሳው አቧራ ከአየር ቅንጣት እጅግ ስለሚተልቅ ቀለማቱን ሁሉ አንድ ላይ ይበትናል፤ ስለዚህ ሩቁን ነገር ሰማያዊ ሳይሆን ነጣ ወይም ቢጫ ያደርገዋል። እዚህ ያለን ሰዎች ጭጋግን እንደ ቆሻሻ ቆጥረን ከፎቶ ላይ ልናጥበው የምንቸኩለው ይህን አቧራ ለምደን ይመስለኛል። በደጋው ፎቶ ላይ ያለው ስስ ሰማያዊ ጭጋግ ግን ቆሻሻ አይደለም፤ ርቀቱን የሚነግረን እሱ ነው። እኔ በሙሉ ሳጠፋው ተራሮቹ ሁሉ እኩል ቀረቡ፤ ደጋ አይቶ የማያውቀው ሰው ደግሞ ይህን ቀድሞ አወቀ። እኔ ርቀቱን በልቤ ስለማውቀው ከፎቶው መጥፋቱ አልታወቀኝም።

ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር አለ። ለአስተያየት ሰው ስንመርጥ ቦታውን የሚያውቅና ቦታውን የማያውቅ ሁለቱም ያስፈልጉናል። የሚያውቀው ሰው ያጎደልነውንና የዋሸነውን ይነግረናል፤ የማያውቀው ደግሞ ፎቶው ብቻውን ምን መናገር እንደቻለ ይነግረናል።

ምን ይታረማል? ምን አይነካም?

ስለ ቆርቆሮዋ ቤት ካሰብኩ በኋላ፣ እኔ ያደረግሁት ነገር ታላላቆችም የተፈተኑበት መሆኑን አስታወስሁ። አሜሪካዊው አንሰል አዳምስ (እ.ኤ.አ. ከ1902 እስከ 1984) በተራራ ፎቶግራፍ በዓለም የታወቀ ነው። በወጣትነቱ ፒያኖ ያጠና ስለነበር ኔጋቲቩን ከሙዚቃ ኖታ፣ ማተሙን ደግሞ ከመጫወት ጋር ያነጻጽር ነበር። በ1941 በኒው ሜክሲኮ ሄርናንዴዝ በምትባል መንደር ላይ ጨረቃ ስትወጣ ያነሳውን ፎቶ በኖረበት ዘመን ደጋግሞ አትሞታል፤ ሰማዩንም ከጊዜ ወደ ጊዜ እያጠቆረው ሄዷል። ብርሃንና ጥላን ደጋግሞ ማረም ነውር አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ነገር ግን ይኸው ሰው በ1944 በካሊፎርኒያ ሎን ፓይን ከተማ አጠገብ የሲየራ ኔቫዳን ተራሮች ሲያነሳ፣ የከተማዋ ተማሪዎች በኮረብታው ላይ በነጭ ድንጋይ የከተማቸውን ስም መነሻ ፊደላት ጽፈው አገኘ። ፊደላቱ ተፈጥሮውን ያበላሻሉ ብሎ ከፎቶው አጠፋቸው። ማጥፋቱን ራሱ በመጽሐፉ ሳይደብቅ ጽፏል፤ በዚህም የነቀፉት ሰዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1982 ደግሞ ናሽናል ጂኦግራፊክ የተባለው መጽሔት፣ የጊዛ ፒራሚዶች ፎቶ በቁም ሽፋኑ ላይ እንዲገባለት ፒራሚዶቹን በኮምፒዩተር አቀራርቦ አትሟቸው ትልቅ ወቀሳ ደርሶበታል። ድንጋዩ ያው ድንጋይ ነው፤ ቦታው ግን ተነካ።

እንግዲህ እኛ ራኩባ ሥር የተስማማንበት ደንብ ይህ ነው። ብርሃን ይታረማል፤ ጥላ ይታረማል፤ ማዘንበል ይቃናል፤ ዳር ዳሩ ይከረከማል። ያለ ነገር ግን አይጠፋም፣ የሌለ ነገር አይጨመርም፣ ወቅት አይቀየርም። ለጌጥ ብቻ የሚሰቀል ሥዕል ከሆነ ሰው እንደ ፈቃዱ ይሥራው። ይህ ቦታ ይህ ነው ተብሎ ለልጅ የሚሰጥ ከሆነ ግን ደንቡ ይጠበቅ።

አስተያየትን እንዴት እንቀበል?

የሒሳብ መምህሩ «ብርሃን ጨምርበት» ያለውን አስታውሱ። እንዳለኝ የፎቶውን ብርሃን በሙሉ ብጨምር ኖሮ ደመናው ይቃጠል ነበር። ተራ የስልክ ፎቶ በጥቁርና በነጭ መካከል ያለውን ብርሃን የሚመዘግበው በ256 ደረጃ፣ ማለትም ከ0 እስከ 255 ነው። አንድ ቦታ 255 ከደረሰ ነጭ ወረቀት ሆነ ማለት ነው፤ በኋላ ብናጠቁረው ግራጫ ይሆናል እንጂ የደመናው ቅርጽ ተመልሶ አይመጣም። ስለዚህ የጨለመውን ጥላ ብቻ ለይቼ በመጠኑ ከፍ አደረግሁት። እሱንም ቢሆን ከልክ በላይ ሲያነሱት እንደ አሸዋ ያለ ነጠብጣብ ያመጣል።

መምህሩ ታዲያ ተሳስቷል? አልተሳሳተም። «ጨለመብኝ» ያለው ፍጹም ትክክል ነው፤ «ጨምርበት» ያለው መድኃኒት ግን ለሕመሙ አልሆነም። ሐኪም ዘንድ የሄደ በሽተኛ የሚያመውን ቦታ ከማንም በላይ ያውቃል፤ መድኃኒቱን የሚያዘው ግን ሐኪሙ ነው። ተመልካችም የታየውን ሲነግረን እንመነው፤ እንዲህ አድርግ ሲለን ግን እንመርምረው።

ሌላው እንቅፋት ይሉኝታ ነው። «ያምራል?» ብለን ከጠየቅን ማንም ሰው «አያምርም» አይለንም፤ «ግሩም ነው» ብሎ ስልኩን ይመልስልናል። ስለዚህ ጥያቄውን መለወጥ ያስፈልጋል። እኛ ዘንድ የሠሩልን ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው።

1. ዐይንህ መጀመሪያ የት ላይ አረፈ? ከዚያስ ወዴት ሄደ?
2. ጊዜው ጠዋት ነው ወይስ ማታ? ክረምት ነው ወይስ በጋ?
3. የትኛው ቅርብ፣ የትኛው ሩቅ ነው?
4. እዚህ ፎቶ ላይ ሰው ሠራሽ የመሰለህ ነገር አለ?
5. ቦታውን የምታውቅ ከሆነ የጎደለ ነገር አለ?

አስተያየት ሰጪውም ሥርዓት አለው። «አልወደድሁትም» ብቻ ማለት ለባለቤቱ አይጠቅመውም። ቦታውን በጣቱ ያሳይ፤ ያየውን ይናገር፤ ቢቻል ምክንያቱን ይጨምር። ባለ ፎቶው ደግሞ ሰው ሲናገር አይከራከር። የሚከራከር ሰው ሁለተኛ አስተያየት አያገኝም።

ይህ የእኛ ፈጠራ ብቻ አይደለም። የሙያው ሰዎችም ሥራቸውን ለሌላ ዐይን ያቀርባሉ። ፎቶግራፍ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2010 ባቋቋመችው የአዲስ ፎቶ ፌስት ላይ ከኤግዚቢሽኑ ጎን ለጎን፣ ፎቶግራፍ አንሺዎች ሥራቸውን ለባለሙያ አቅርበው አስተያየት የሚቀበሉበት ዝግጅት ነበር።

ሁለተኛው እርማት በቅደም ተከተል

ፎቶውን ለሁለተኛ ጊዜ ያረምኩት ከመጀመሪያው ቅጂ ተነሥቼ ነው። የተበላሸውን ማደስ ሳይሆን እንደ አዲስ መጀመር ይሻላል። ለሚሞክሩ አንባብያን ቅደም ተከተሉን እነሆ።

አንደኛ፣ የመጀመሪያውን ፎቶ ሳይነኩ ማስቀመጥና በግልባጩ ላይ መሥራት። ጄፔግ የሚባለው የተለመደው የፎቶ ዓይነት እየታረመ እንደገና በተቀመጠ ቁጥር ከጥራቱ ጥቂት ይቀንሳል። በመልእክት መላኪያ ፕሮግራሞችም እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨመቃል፤ ጥራቱ እንዳይጓደል እንደ ፋይል መላክ ይገባል።

ሁለተኛ፣ ቀጥ ያለ ነገር ፈልጎ ማዘንበሉን ማቃናት። ሲቃና ዳር ዳሩ ስለሚቆረጥ፣ ይህ ከመከርከም መቅደም አለበት።

ሦስተኛ፣ መከርከም። የእኔ ፎቶ ግማሹ ባዶ ሰማይ ነበር። ሰማዩ አንድ ሦስተኛ ያህል እንዲሆን ስከረክመው ተራራው ቁመት አገኘ።

አራተኛ፣ ብርሃንና ጥላን ለየብቻ ማረም። ደመናውን ዝቅ፣ የመንገዱን ጥላ ከፍ።

አምስተኛ፣ ጭጋጉን በጥቂቱ ብቻ መቀነስ፤ ሩቁ ተራራ ከቅርቡ ይበልጥ ገርጥቶ መቅረቱን እያዩ።

ስድስተኛ፣ ቀለም። እኔ ምንም አልጨመርሁም፤ ሣሩ እንደ ታኅሣሥ ሣር ቢጫ ሆኖ ቀረ።

ሰባተኛ፣ ማጥራት የመጨረሻው ሥራ ይሁን። በሸንተረሩ ላይ ነጭ ክር መታየት ሲጀምር እዚያው ቆሞ ትንሽ መመለስ።

አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥና ለእያንዳንዱ ቅጂ ቁጥር መስጠት ይጠቅማል፤ ያለዚያ የትኛው ለውጥ እንደጠቀመ፣ የትኛው እንዳበላሸ አይታወቅም። የስልክ ብርሃንም ያታልላል። በቀትር ፀሐይ፣ ውጭ ተቀምጦ የሚያርም ሰው ስክሪኑ ስለሚጨልምበት ፎቶውን ከሚገባው በላይ ያበራዋል። ጥላ ውስጥ ገብቶ፣ የስክሪኑን ብርሃን መካከለኛ አድርጎ መሥራትና ጠዋት በታደሰ ዐይን እንደገና ማየት ይበጃል።

በማባዣ ማሽን ለሚባዛ ወረቀት ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ። በጥቁርና ነጭ ሲባዛ አረንጓዴው ተዳፋትና ሰማያዊው ሰማይ ተመሳሳይ ግራጫ ሊሆኑ ይችላሉ። አስቀድሞ ፎቶውን በስልክ ላይ ወደ ጥቁርና ነጭ ለውጦ ማየት፣ ተራራው ከሰማዩ ካልተለየ ብርሃኑን ማስተካከል ያስፈልጋል።

መደምደሚያ

ቅጂ ቁጥር 4 ታትሞ ዛሬ የክፍላችን ግድግዳ ላይ አለ። ሰማዩ የገረጣ ነው፤ ሣሩ ደረቅ ነው፤ እንደ መጀመሪያው ሥራዬ ሰውን ከሩቅ አይጣራም። ሆኖም የዐረብኛ መምህሩ ሲያየው በጣቱ ከቅርቡ እስከ ሩቁ አራት ተራራ ቆጥሮልኛል። ከገደሉ ሥር ደግሞ አንዲት ነጭ ነጥብ አለች። ማሽላ የሣለው ልጅ ወደ ግድግዳው ተጠግቶ «ይህቺ ምንድን ናት?» ሲለኝ፣ ቤት ናት አልሁት። ቤቷንና ገደሉን ደጋግሞ አየና፣ «እንዲህ ነው የሚተልቀው?» አለ። ስለ ከፍታ በቁጥር ያስተማርኩት ሁሉ ያልገባው ልጅ፣ እኔ ላጠፋት በነበረችው ቆርቆሮ ተራራውን ለካው።

ስለዚህ ውድ አንባብያን፣ በየስልካችሁና በየሜሞሪ ካርዳችሁ ያለውን የአገር ፎቶ ከማስተካከላችሁ በፊት ግልባጩን አስቀምጡ፤ ካስተካከላችሁ በኋላ ደግሞ ለአንድ ቦታውን ለሚያውቅ፣ ለአንድም ለማያውቅ ሰው አሳዩ። ምን እንዳዩም ጠይቁ፤ ሲነግሯችሁ ዝም ብላችሁ አድምጡ።

ቸር እንሰንብት።